የጓሮ እንስሳትን ፍግ ወደ ብስባሽ ሲለውጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በከተማ ዳርቻም ሆነ በገጠር ጥቂት ዶሮዎች፣ ሁለት በጎች ወይም አንዲት የወተት ላም ያሉት ቤተሰብ ለጓሮ አትክልቱ ዩሪያ መግዛት ላያስፈልገው ይችላል። ይሁንና በግቢው ጥግ የተቆለለው ፍግ ሁሉ ማዳበሪያ ነው ብሎ ካመነ የጥቅሙን አብዛኛውን ክፍል ያጣል። እዚህ የማነሣቸው ስህተቶች በአብዛኛው ከሁለት በአንዱ ያበቃሉ፤ ወይ ተክሉ ይቃጠላል፣ ወይም ፍጉን ማዳበሪያ የሚያሰኘው ናይትሮጂን ወደ አየር ተንኖ አልያም በጎርፍ ታጥቦ ይጠፋል።

ብዙ ጀማሪ የሚሠራው ስህተት ትኩሱን ፍግ በቀጥታ በተክል ሥር ማፍሰስ ነው። እኔ ራሴ ዶሮ ማርባት በጀመርኩበት ዓመት ከቤታቸው የጠረግሁትን ኩስ በቆስጣ መደብ ላይ በትኜ ውሃ አጠጣሁበት፤ ሳምንት ሳይሞላው የቅጠሎቹ ጠርዝ ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ፣ ለጋዎቹ ችግኞች ደግሞ ከነሥራቸው ደረቁ። በዚህ ረገድ የዶሮ ኩስ ከላም እበትና ከበግ በጠጥ ይልቅ ኃይለኛ ነው፤ ወፍ ሽንቷን ለይታ ስለማትጥል ከሽንት የሚገኘው ናይትሮጂን ከኩሱ ጋር ተከማችቶ ይቆያልና፣ እርጥበት ሲያገኝ ፈጥኖ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። በጠጥ ለተክሉ ለዘብ ያለ ቢሆንም ለተመጋቢው ግን ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ ያልተብላላ ፍግ ሁሉ ሳልሞኔላንና ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ተህዋስያንን ሊይዝ ይችላል። የአሜሪካ የኦርጋኒክ እርሻ ደንብ ጥሬ ፍግ የሚበላው ክፍላቸው አፈር በሚነካ ሰብሎች መሬት ላይ ከመከሩ ቢያንስ 120 ቀን፣ በሌሎቹ ላይ ደግሞ 90 ቀን ቀድሞ ከአፈር ጋር እንዲቀላቀል የሚያዘው በዚህ ምክንያት ነው። ሰላጣ በሁለት ወር ገደማ ስለሚደርስ፣ ከተተከለ በኋላ ትኩስ ፍግ የሚበትንበት ሰው ይህን ገደብ በምንም መንገድ ሊያከብር አይችልም።

ሁለተኛው ስህተት ፍጉን ያለ ደረቅ ነገር ለብቻው መከመር ነው። ፍጉን የሚያብላሉት ደቂቅ ዘአካላት ለአንድ እጅ ናይትሮጂን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ሲያገኙ በደንብ ይሠራሉ። የዶሮ ኩስ ለአንድ እጅ ናይትሮጂን 10 እጅ ያህል ካርቦን እንኳ ላይኖረው ይችላል፤ የላም እበት ወደ 20 ይጠጋል፤ ጭድ ከ80 አካባቢ ይጀምራል፤ ሰጋቱራ ደግሞ በመቶዎች ይቆጠራል። ስለዚህ በጎታም ይለኩት በባልዲ፣ አንድ የዶሮ ኩስ ሁለት ወይም ሦስት ደረቅ ነገር ይፈልጋል። የጤፍ ጭድ ለመኖና ለጭቃ ምርጊት ስለሚፈለግ ለብስባሽ ማዋሉ ብዙ ሰው አይዋጥለትም፤ እውነትም ነው። የደረቀ ቅጠል፣ የተከተከተ የበቆሎ አገዳ ወይም የቡና ገለባ ይተካዋል። የባሕር ዛፍ ቅጠል ግን ዘይቱ መብላላቱን ስለሚያዘገይ በጥቂቱ ብቻ ይግባ። ሰጋቱራ ያበዛ ሰውም ወር ሙሉ ጠብቆ ቀዝቃዛ ክምር ያገኛል። ከሁሉ የተሻለው ደረቁን ነገር ከመጀመሪያው በጉዝጓዝነት በበረቱና በዶሮ ቤቱ ወለል ላይ ማንጠፍ ነው። እንዲህ ሲሆን በሲሚንቶ ወለል ላይ ወደ ቦይ ይፈስ የነበረው ሽንት፣ የእንስሳው ናይትሮጂን ትልቅ ድርሻ ያለበት ሽንት፣ በጉዝጓዙ ተይዞ ይቀራል።

አመድን በተመለከተ ትንሽ ልዘግይ፤ ምክንያቱም ይህ ስህተት እንደ ጥሩ ልማድ የሚታይ ነው። በብዙ ቤት የምድጃ አመድ ከፍግ ጋር በአንድ ጉድጓድ ይደፋል፤ ዝንብና ሽታም ይቀንሳል ይባላል። ነገር ግን እርጥብ የዶሮ ኩስ ላይ ሁለት ጭብጥ አመድ ነስንሰው በዱላ ያማስሉት፤ አፍንጫ የሚሰነፍግና ዓይን የሚያስለቅስ ሽታ ወዲያው ይወጣል። አመድ የክምሩን አሲዳማነት ስለሚያጠፋ በውስጡ የነበረው ናይትሮጂን አሞኒያ ጋዝ ሆኖ ያመልጣል። ያ ሽታ ጎመኑ ሊመገበው የነበረው ነው። ኖራም ያው ነው። አመዱን መጣል ግን አያስፈልግም፤ አሲዳማ በሆነ የደጋ ቀይ አፈር ላይ፣ ፍግ ከሚጨመርበት ጊዜ ሳምንታት አራርቀው በስሱ ቢበትኑት ፖታሲየምና ካልሲየም ይሰጣል።

ውሃንም አብዛኞቻችን በግምት ነው የምንይዘው። ከክምሩ መሐል አንድ ጭብጥ ወስደው በኃይል ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣው ልክ ነው፤ ከጣት መሐል ከፈሰሰ በዝቶበታል፣ ሲለቁት ከፈረሰ አንሶታል። በክረምት ያልተሸፈነ ክምር ከሥሩ ቡናማ ውሃ ሲያፈስ ይታያል፤ ያ ውሃ የታጠበው ንጥረ ነገር ስለሆነ ላስቲክ ወይም የሙዝ ቅጠል ማልበስ፣ ክምሩንም ከፍ ባለ ቦታና ከውሃ ጉድጓድ በራቀ ሥፍራ መሥራት ግድ ነው። በበጋ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል፤ ክምሩን ሲከፍቱ በውስጡ አመድ የመሰለ ነጭና ደረቅ ድር ካዩ፣ ክምሩ ግሎ ደርቋልና ውሃ እያርከፈከፉ ያገላብጡት።

ሙቀት የማይፈጥር ትንሽ ቁልል ብስባሽ ሳይሆን የዝንብ ማራቢያ ይሆናል። ክምሩ በቁመትም በወርድም ቢያንስ አንድ ሜትር ቢሆን ሙቀቱን ይይዛል፤ በሽታ አምጪ ተህዋስያንንና አብዛኛውን የአረም ዘር ለማጥፋት ክምሩ ከ55 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ሆኖ 15 ቀን መቆየት፣ በዚያ ጊዜም የውጪው ክፍል ወደ መሐል እንዲገባ 5 ጊዜ መገላበጥ ይኖርበታል። ቴርሞሜትር ለሌለው ሰው ረጅም ዱላ ይበቃል፤ መሐል ድረስ ሰክተው ለጥቂት ደቂቃ ትተው ሲያወጡት ጫፉን በእጅ ለረጅም ጊዜ ይዞ መቆየት ካስቸገረ ክምሩ በሥራ ላይ ነው፤ ለብ ብቻ ካለ የማገላበጫው ሰዓት ደርሷል። ስለ ማገላበጥ ስንፍና ብዙ አልልም፤ አካፋ ይዞ ግማሽ ሰዓት መሥራት ነው።

የውሻና የድመት ዓይነ ምድር ከዚህ ክምር ውስጥ ፈጽሞ አይግባ፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው የድመት ጥገኛ ተህዋስና የውሻ ወስፋት እንቁላል በቤት ክምር ሙቀት መጥፋቱ አያስተማምንም።

በመጨረሻም ክምሩ ስለቀዘቀዘና ስለጠቆረ ብቻ ደርሷል ብሎ መደብ ላይ ማውጣት አለ። ሙቀቱ ካለፈ በኋላ ክምሩ እየበሰለ አንድ ሁለት ወር ይቀመጥ። ለመፈተሻ ከቤትዎ ፌጦ የተሻለ መሣሪያ አያገኙም፤ ለመርዛማ ነገር ቶሎ የሚሰማው ዘር በመሆኑ በቤተ ሙከራ ጭምር ለብስባሽ መፈተሻ ያገለግላል። በሁለት ቆርቆሮ፣ በአንዱ ብስባሹን ከአፈር ጋር እኩል ቀላቅለው፣ በሌላው ተራ አፈር ብቻ አድርገው በእያንዳንዱ 20 ፍሬ ፌጦ ይዝሩ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን በብስባሹ ላይ የበቀለው ቁጥሩ ካነሰ ወይም ሥሩ ቡናማና አጭር ከሆነ ክምሩን ለሦስት ሳምንት ይተዉትና እንደገና ይዝሩበት።