ታናሽ ሲወለድበት የሚቀናን ልጅ እንዴት መያዝ ይቻላል?

የሁለት ወይም የሦስት ዓመት ልጅ ታናሽ ሲመጣበት የሚቀናው እናቱን የሚያጣ ስለሚመስለው ነው። ቅናቱን በቁጣ ማጥፋት አይቻልም። እናቱ አሁንም የሱ መሆኗን በየቀኑ ሲያይ ግን ይበርዳል።

አልጋ መለየት፣ ጡት ማስጣል ወይም ዳይፐር ማስተው ካሰባችሁ ከወሊዱ ሁለት ሦስት ወር ቀደም ብላችሁ ጨርሱ፤ ካልደረሰ ደግሞ ቤቱ እስኪረጋጋ አቆዩት። በወሊዱ ሰሞን ከእናቱ አልጋ የወረደ ልጅ ያስወረደው ሕፃኑ እንደሆነ ነው የሚገባው። ግርግሩን ሽሽት ለሳምንታት ዘመድ ቤት መላክም ልማድ ነው፤ እኛ ግን አንመክረውም። አያቱ ወደ ቤት መጥታ ብትይዘው ይሻላል።

መጀመሪያ ሲገናኙ ሕፃኑን አባት ይያዝ፣ እናት እጇ ነጻ ሆኖ ትልቁን ትቀፈው።

ዋናው ፈተና የማጥቢያ ሰዓት ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ትልቁ ልጅ ያን ሁሉ ጊዜ የእናቱ እቅፍ ተይዞ ያያል። መግፋቱ፣ መቆንጠጡ፣ ድንገት "ውኃ ጠማኝ" ማለቱ የሚበዛውም ያኔ ነው። ጡት ከመስጠታችሁ በፊት ውኃ አጠጡት፣ ሽንት አሸኑት። በማጥቢያ ሰዓት ብቻ የሚወጣ ቅርጫት አዘጋጁለት፦ የሥዕል መጽሐፍ፣ እርሳስ፣ ጥቂት መጫወቻ። ቀኑን ሙሉ ከተተወለት ይሰለቸዋልና መልሳችሁ አስቀምጡት። በሕፃኑ እግር በኩል፣ ጎናችሁን ተደግፎ ይቀመጥ፤ በሕፃኑ ራስ በኩል ከሆነ እጁ የሕፃኑ ፊት ላይ ይደርሳል።

ከመታው እጁን ያዙና ዝቅ ባለ ድምፅ "መምታት አይቻልም" በሉት፤ ከዚያ "እንዳቅፍህ ፈልገህ ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ስልክ ሰጥቶ ማስቀመጥ ለዚያች ቅጽበት ያሳርፋል፣ የፈለገው ግን እናቱን ነውና ሲነጠቅ ይብሳል። "ሕፃኑ ተኝቷል፣ ዝም በል" የሚለውንም ቀንሱ፤ ክልከላው ሁሉ በሕፃኑ ስም ከመጣ ጥላቻው ወደ ሕፃኑ ይዞራል። አልፎ አልፎ ለሕፃኑ "ቆይ፣ አሁን የወንድምህ ተራ ነው" በሉት፣ ትልቁ እየሰማ።

አራስ ጠያቂው ሲበዛ አባት በር ላይ ቆሞ "መጀመሪያ ትልቁን ሰላም በሉልን" ይበል። "በቃ እናትህ ተወሰደችብህ" እያሉ መቀለድን ቆፍጠን ብላችሁ አስቁሙ፤ ልጁ ቀልድ መሆኑን አያውቅም። ገንፎው ሲቀርብ ከእናቱ ጎን ተቀምጦ ቅቤውን እያጠቀሰ ይብላ።

ሽንቱን መልቀቅ ቢጀምር ወይም "ጡት ስጡኝ" ቢል አታሳፍሩት። ብዙውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ምግብ እምቢ ካለ ወይም ከሰው ሁሉ ከራቀ ግን ሐኪም ይየው። በቀን አሥር ደቂቃ፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓት፣ ከእናቱ ጋር ለብቻው መጫወት ከሁሉም በላይ ይረዳዋል።

ሁለቱን ብቻቸውን አትተዉ፣ ለደቂቃም ቢሆን። በፍቅር ሲያቅፈው ሊያፍነው፣ ላካፍለው ብሎ ቆሎ አፉ ውስጥ ሊከትበት ይችላል።

ሕፃኑ መዳህ ሲጀምር፣ ከ7 እስከ 10 ወር ባለው ጊዜ፣ ቅናቱ ያገረሻል፤ አሁን የሚነካው መጫወቻውን ነው። ሕፃኑ የማይደርስበት መደርደሪያ ስጡት፣ እዚያ ያስቀመጠውንም ያለ ፈቃዱ አውርዳችሁ አታካፍሉ።