የፍልስጤምን የትግል ግጥም ለማንበብ ከየት እንጀምር?

ብዙ ሰው ወደ ፍልስጤም ግጥም የሚመጣው ከዜና ተነስቶ ነው። ስለዚህ ግጥሙንም እንደ ዜና ያነበዋል፣ ሁለት ገጽ ሳይሄድ መፈክር ይሆንበትና ይተወዋል። መፈክር የሆኑ ግጥሞች አሉ፣ አልክድም። ግን አንድ ቀላል ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ተናጋሪው ማንን ነው የሚያናግረው?

በፍልስጤማዊው ገጣሚ በማህሙድ ዳርዊሽ «መታወቂያ ካርድ» ጀምሩ። የታተመው በ1964 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ድንጋይ ካባ ውስጥ የሚሠራ ሰው አንድ መዝጋቢ ፊት ቆሞ «መዝግብ!» ይለዋል። አረብ ነኝ። ቁጥሬ ሃምሳ ሺህ ነው። ልጆቼ ስምንት ናቸው፣ ዘጠነኛው ከበጋ በኋላ ይመጣል። በቃ፣ ቅጽ መሙላት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ሌላ ጊዜ የሚያዘው መዝጋቢው ነበር፣ እዚህ ግን ትእዛዝ የሚሰጠው ተመዝጋቢው ነው። መዝጋቢው አንዲት ቃል አይተነፍስም። ሰምና ወርቅ የለመደ አንባቢ የተደበቀ ነገር ይፈልግ ይሆናል። አትድከሙ፣ የዚህ ግጥም ጉልበቱ ግልጽነቱ ነው።

ታሪኩን ከግጥሙ በኋላ አንብቡ እንጂ በፊት አይሁን፣ አለዚያ ግጥሙ የታሪክ ማስረጃ ብቻ ይሆንባችኋል። ዳርዊሽ በ1941 ገሊላ ውስጥ አል-ቢርዋ በምትባል መንደር ተወለደ። በ1948 እስራኤል ስትመሠረት በተነሣው ጦርነት ቤተሰቡ ወደ ሊባኖስ ሸሸ፣ ሲመለስ መንደሯ የለችም። እስራኤል ውስጥ የቀሩት ፍልስጤማውያን እስከ 1966 በወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነበሩ፤ ከመንደር መንደር ለመሄድ እንኳ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር፣ ዳርዊሽም ያለ ፈቃድ በመንቀሳቀሱ ታስሯል። አሁን ወደ ግጥሙ ተመለሱ። መዝጋቢው ማን እንደሆነ ሳይነገራችሁ ትለዩታላችሁ።

ቀጥሎ የሌላውን ፍልስጤማዊ ገጣሚ፣ የሳሚህ አል-ቃሲምን «የፀሐይ ጠላት» ያዙ። እዚህ ላይ ቀስ በሉ። በ1971 ጆርጅ ጃክሰን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ ታጋይ ካሊፎርኒያ በሚገኘው ሳን ኩዌንቲን እስር ቤት ተገደለ። ከክፍሉ በእጅ የተገለበጠ ግጥም ተገኘ፣ ብላክ ፓንተር የተባለው የጥቁር አሜሪካውያን የትግል ድርጅት ጋዜጣም ግጥሙ የጃክሰን መስሎት በስሙ አተመው። ለካስ የአል-ቃሲም ነው! ከዓመት በፊት ድረም ኤንድ ስፒር የተባለ የጥቁር አሜሪካውያን ማተሚያ ቤት የፍልስጤም ግጥሞችን በእንግሊዝኛ አሳትሞ ነበር፣ የመድበሉ ስምም ከዚሁ ግጥም የተወሰደ ነው።

ስለዚህ ሁለቴ አንብቡት። አንዴ ተናጋሪውን ገሊላ አቁማችሁ፣ አንዴ ደግሞ ካሊፎርኒያ እስር ቤት አስገብታችሁ። በእርሳስ ምልክት አድርጉ፤ የቱ ስንኝ ምንም ሳይለወጥ ይሻገራል፣ የቱ ይቀራል? ስለ እስር የሚለው ወዲያው ይሻገራል። ስለተወሰደ መሬት የሚለው ግን ትንሽ ያስቆማል፣ ያ መቆምም ጥሩ ነው። አጋርነት ማለት የሁሉም መከራ አንድ ዓይነት ነው ማለት አይደለም፤ እንደዚያ የሚያነቡ ሰዎች፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያናድዱኛል።

ጥቁር አሜሪካዊቷ ገጣሚ ጁን ጆርዳን ይህን በደንብ ታውቃለች። በ1982 ቤይሩት ውስጥ የፍልስጤም ስደተኞች በሚኖሩባቸው በሳብራና ሻቲላ ሰፈሮች ከተፈጸመው ጭፍጨፋ በኋላ በጻፈችው ግጥም፣ ጥቁር ሴት ሆና እንደተወለደች፣ አሁን ግን ፍልስጤማዊት እንደሆነች ትናገራለች። ግሱን እዩ። ድሮም ነበርኩ አላለችም፣ ሆንኩ ነው ያለችው፤ ከዚህ ወደዚያ ተጉዛለች። ዳርዊሽ ራሱ በ1992፣ ኮሎምበስ አሜሪካ ከገባ 500 ዓመት ሲሞላ፣ ተመሳሳይ ጉዞ በሌላ አቅጣጫ አደረገ። የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪ ነጩን ሰው ሲያናግረው ጻፈ። ያችን የመጀመሪያ ጥያቄ እዚህም ጠይቁ፤ «መታወቂያ ካርድ» ላይ ካለው መዝጋቢ ጋር ይህን ነጭ ሰው አወዳድሩት።

ስለ ትርጉም አንድ ነገር። ቢያንስ ሁለት ትርጉም ጎን ለጎን አስቀምጡ፣ ከዚያ አረብኛውን ሲነበብ ስሙት። አረብኛ ባትችሉም ችግር የለም። «መዝግብ» የተባለው ቃል «ሰጅል» ነው፣ «ጅ» ጠብቃ ትነበባለች። እየደጋገመ ሲመጣ ጠረጴዛ በቡጢ የሚመታ ነው የሚመስለው።