ለብጉር ጥቂት ነገር፣ ሦስት ወር

ታናሽ ወንድሜ 10ኛ ክፍል ነው። ጥቅምት ላይ አንድ እሁድ ግማሽ ሎሚ ይዞ፣ መስታወት ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ግንባሩን ሲያሽ ደረስኩበት። እንባው ይወርዳል። «ያቃጥላል እንጂ ያደርቀዋል አሉኝ» አለኝ። ማን እንዳለው አልጠየቅኩትም። ብጉር ያለበት ልጅ መካሪ አያጣም። ጎረቤት ነጭ ሽንኩርት ይላል፣ ጓደኛ የጥርስ ሳሙና ይላል፣ አጎቴ ደግሞ «ሲያገባ ይለቀዋል» ብሎ ይስቃል።

ሎሚውን ቀማሁት። ሎሚ ተቀብቶ ባሕር ዳር ፀሐይ ላይ መውጣት ቆዳን ያቃጥላል፣ ጥቁር ምልክትም ይተዋል። ነጭ ሽንኩርትም ያው ነው፣ ቆዳ ይልጣል። ከዚያ ቁጭ አድርጌ የነገርኩትን ነው እዚህ የምጽፍላችሁ።

ብጉር ቆሻሻ አይደለም። በጉርምስና ጊዜ ሆርሞን የቆዳን የቅባት ዕጢዎች ያነቃቸዋል። ቅባቱ ይበዛል፣ ከሞተ ቆዳ ጋር ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ድሮም ቆዳችን ላይ የሚኖር ባክቴሪያ እዚያ ውስጥ ይራባል፣ ከዚያ ቆዳው ይቆጣል፣ ያብጣል፣ መግል ይይዛል። አፍንጫ ላይ የምታዩት ጥቁር ነጥብ እንኳ የተደፈነው ነገር አየር አግኝቶት የጠቆረ ነው እንጂ እድፍ አይደለም፤ ስለዚህ ብትፈትጉት አይለቅም። አንድ ነገር ግን ያዙልኝ፦ ዛሬ ያያችሁት ብጉር ከቆዳ ሥር ሥራውን የጀመረው ከሳምንታት በፊት ነው። ሁለት ቀን ሞክሮ «አልሠራልኝም» ማለት የማያስኬደው ለዚህ ነው።

መታጠብ ላይ ብዙ አትጨነቁ። ጠዋትና ማታ ይበቃል። ከዓባይ ማዶ በሳይክል ድልድዩን ተሻግራችሁ ላብ በላብ ሆናችሁ ከገባችሁ አንድ ጊዜ ጨምሩ። ለብ ያለ ውሃ፣ በጣት፣ ቀስ ብሎ። የልብስ ሳሙና ፊት ላይ አይወጣም። የገላ ሳሙናም ቢሆን ከታጠባችሁ በኋላ ፊታችሁ እንደ ከበሮ ቆዳ ከተወጠረ ከብዷችኋል ማለት ነውና ለስለስ ያለ፣ ሽቶ የሌለው የፊት ማጠቢያ ፈልጉ። የቡና አተላ በስኳር ለውሶ መፈተግ የሚባለውን ተዉት። የተቆጣ ቆዳ ላይ አሸዋ እንደ ማሸት ነው። ፎጣችሁም የራሳችሁ ይሁን።

አሁን ወደ ቅቤ ልምጣ፤ እዚህ ላይ እናቴ እንዳትሰማኝ። ብጉሩ ግንባር ላይ፣ ልክ ከፀጉሩ መስመር ሥር ተሰልፎ የሚወጣ ከሆነ ፊታችሁን ሳይሆን ፀጉራችሁን ጠርጥሩ። የአክስቴ ልጅ በየሳምንቱ ቅዳሜ ቅቤ ትቀባለች። በመጋቢትና ሚያዝያ ሙቀት ቅቤው አናት ላይ አይቆይም፣ ቀልጦ በጆሮ ግንድና በግንባር ይወርዳል። ሻሿን ስትፈታ ሻሹ ያረፈበት ቦታ ላይ እንደ መቁጠሪያ የተደረደረ ጥቃቅን ብጉር አለ፤ ከዚያ በታች ጉንጯ ጥርት ያለ ነው። ስንት ብር የፊት ክሬም ላይ አውጥታለች መሰላችሁ! የፀጉር ቅባት የምትጠቀሙ ወንዶችም እንደዚያው ናችሁ። ቅቤ ተዉ አላልኩም። ከግንባር መስመር ራቅ አድርጋችሁ ተቀቡ፣ ሻሹን ወደ ኋላ ሳቡት፣ ተቀብታችሁ አትደሩ፣ ስትታጠቡ ግንባራችሁንም አብራችሁ እጠቡ፣ የትራስ ልብሱን ቀይሩ። የአክስቴ ልጅ ይህንን ብቻ አድርጋ በሁለት ወር ግንባሯ ጠራ።

ግንባር ላይ የወጣው ሁሉም አንድ መጠን ያለው፣ ጥቃቅንና የሚያሳክክ ከሆነ ግን ፈንገስ ሊሆን ይችላል። የብጉር መድኃኒት አይነካውም፤ ለሐኪም አሳዩት።

መድኃኒቱን እንይ። ፋርማሲ ገብታችሁ «ለብጉር የሚሆን» ብቻ አትበሉ። በስሙ ጠይቁ። አንደኛው ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ነው፣ ባክቴሪያውን ይገድላል። 2.5፣ 5 እና 10 በመቶ የሚባል አለው። ሰው ሁሉ 10 ያለውን ይፈልጋል፤ 2.5ቱ ግን ከእሱ ብዙም ሳያንስ ይሠራል፣ ማቃጠሉም ይቀንሳል። ሌላው አዳፓሊን ነው፣ 0.1 በመቶ፣ ማታ ማታ የሚቀባ፣ ቀዳዳው እንዳይደፈን የሚያደርግ። እርጉዝ የሆነች አትጠቀምም። ከአንዱ ጀምሩ፣ ሁለቱን በአንድ ቀን አትጀምሩ።

አቀባቡ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። ፊታችሁን ታጥባችሁ አድርቁ። የአተር ፍሬ የምታህል ብቻ ጣታችሁ ላይ አውጡ። ግንባር፣ ሁለቱ ጉንጭና አገጭ ላይ ነካ ነካ አድርጋችሁ ስስ አድርጋችሁ ዘርጉት። ብጉሩ ላይ ብቻ ሳይሆን ብጉር የሚወጣበት ቦታ በሙሉ ይዳረስ፤ ገና ከሥር እየመጣ ያለው አለና። ዓይንና ከንፈር አካባቢ አታድርሱት። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት አንድ ቀን እየዘለላችሁ፣ ቆዳው ሲለምድ በየቀኑ። መድረቅና መላጥ ይኖራል፣ ለዚያ ቀለል ያለ ማለስለሻ ክሬም ከላይ ቀቡ። በጣም ካቃጠለ ለጥቂት ቀን አሳርፉት። ለውጥ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ወንድሜ በ10ኛው ቀን «ባሰብኝ» ብሎ ሊጥለው ነበር፤ ቱቦውን እኔ ጋ አስቀምጬ ማታ ማታ እያወጣሁ እሰጠው ነበር።

ደግሞ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጨርቅ ያነጣል። የእናቴ ሰማያዊ ፎጣ ላይ አሁን የእሱ አገጭ ቅርጽ ያለው ነጭ ክብ አለ። ነጭ ትራስ ልብስ ተጠቀሙ።

ፀሐይስ? ባሕር ዳር ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በየ1,000 ሜትሩ የፀሐዩ ጎጂ ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል፣ ሐይቁ ዳር ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚያደርጋችሁ ብቻ የቀነሰ እንዳይመስላችሁ። ጠይም ቆዳ ላይ ብጉሩ ከሄደ በኋላ የሚቀረው ጥቁር ምልክት ከብጉሩ በላይ ያበሳጫል፤ ፀሐይ ደግሞ ያንን ያጠቁረዋል፣ እንዳይለቅም ያቆየዋል። የመከላከል አቅሙ (ቱቦው ላይ ኤስፒኤፍ፣ SPF፣ የሚለው) 30 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ሰን ስክሪን፣ ማለትም የፀሐይ መከላከያ ክሬም፣ ወፍራም ያልሆነ፣ ጠዋት ይቀባል። አንዳንዱ ፊት ላይ አመድ የነሰነሱ ያስመስላል፤ ጄል መሳዩን ሞክሩ። ዋጋው ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ያልቻለ ሰፋ ያለ ባርኔጣ ያድርግ። ጃንጥላ የሴት ብቻ ነው ያለውም ማን እንደሆነ እንጃ።

ስለ ምግብ አጭር ልበል። በርበሬና ሽሮ ብጉር ያመጣል የሚለው ማስረጃ የለውም። ስኳር የበዛበት ነገር፣ ለስላሳ፣ ኬክ ግን ሊያባብስ ይችላል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ወተትም እንደዚያው። የተጠበሰ የጣና ዓሣችሁን በሰላም ብሉ።

አታፍርጡ። እኔም አፍርጫለሁ፣ ግራ ጉንጬ ላይ ጉድጓዱ አለ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ። 11ኛ ክፍል እያለሁ ከአንድ ሱቅ ስም በሌላት ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ የተሞላ ነጭ ክሬም ገዛሁ። «ብጉርም ያጠፋል፣ ያቀላልም» ተባልኩ። እውነት ለመናገር በሳምንቱ ፊቴ እንደ መስታወት ሆነ፣ ክፍል ውስጥ ሁሉም ጠየቀኝ፣ እኔም ለሦስት ጓደኞቼ አስገዛኋቸው። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ቀን ሳልቀባ ብውል ፊቴ መቅላትና መንደድ ጀመረ። ከዚያ ከበፊቱ እጥፍ ብጉር። ክሬሙ ውስጥ የነበረው ስቴሮይድ ነው። ስቴሮይድ ቁጣን ስለሚያበርድ መጀመሪያ ያሳምራል፤ ሲቆይ ቆዳውን ያሳሳል፣ ራሱ ብጉር ያወጣል፣ ስታቆሙት ደግሞ ይበቀላል። ፊቴ እስኪረጋጋ አንድ ዓመት ገደማ ፈጀ። ቱቦው ላይ ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል የሚል ካያችሁ ስቴሮይድ ነውና ሐኪም ሳያዝ ፊት ላይ አይቀባም። ምንም ያልተጻፈበት ከሆነ ደግሞ በነፃም አትውሰዱት። ለረጅም ጊዜ ስትቀቡ የቆያችሁ ካላችሁ በድንገት ከመጣላችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ከቤት የተረፈ አንቲባዮቲክም ለብጉር አይዋጥም። የሚያስፈልግ ከሆነ ሐኪም ዓይነቱንና ጊዜውን ወስኖ ያዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከሚቀባ መድኃኒት ጋር ነው የሚሰጠው።

ሐኪም ጋ የሚኬደው መቼ ነው? ብጉሩ ትልልቅ፣ ጠልቆ የሚያምና ጠባሳ የሚተው ከሆነ አትጠብቁ፣ ወዲያው ሂዱ። ሦስት ወር በትክክል ተቀብታችሁ ካልተሻላችሁም ሂዱ። ከሰው ፊት መቆም አስጠልቷችሁ ከትምህርት ቤት መቅረት ከጀመራችሁም ሂዱ፣ ይህም በቂ ምክንያት ነው። ከጤና ጣቢያ ጀምሩ፣ ካስፈለገ ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይልኳችኋል። ለከባድ ብጉር አይሶትሬቲኖይን የሚባል እንክብል አለ፤ ኃይለኛ ነው፣ ፅንስ ላይ ከባድ ጉዳት ስለሚያደርስ ያለ ሐኪም ክትትል አይነካም።

ስትሄዱ እስከ ዛሬ የተቀባችሁትን ሁሉ፣ ስም ያለውንም የሌለውንም፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። እኔ በንዴት ወርውሬው ስለነበር ሐኪሟ የተቀባሁት ምን እንደሆነ ፊቴን እያገላበጠች መገመት ነበረባት።