ከዲግሪ ወደ ምርት ልማት፦ በአንድ ኪሎ ጨው እንዴት ይጀመራል?

ፋብሪካ ውስጥ ያለ ኬሚስት ሁሉ ሥራው አንድ አይደለም። የጥራት ቁጥጥር ባለሙያው የተመረተው ሳሙና ወይም ቀለም ከወጣለት ልክ መድረሱን ያረጋግጣል። የምርት ልማት ተመራማሪው ልኩን ራሱን ያወጣል፤ አዲስ ምርት ይቀምማል፣ ጥሬ ዕቃ ሲወደድ ወይም ከገበያ ሲጠፋ ምትክ ይፈልጋል፣ በብርጭቆ የተሳካውን በትልቅ ጋን ይደግማል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከብዳል።

መነሻው በኬሚስትሪ፣ በኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪ ወይም በኬሚካል ምህንድስና የመጀመሪያ ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲና ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ኢንዱስትሪያል ኬሚስትሪን ራሱን ችሎ ያስተምራሉ። ሁለተኛ ዲግሪ አይጎዳም፤ እኔን ብትጠይቁኝ ግን ፋብሪካ ገብታችሁ ጥቂት ከሠራችሁ በኋላ ቢሆን ይሻላል።

ቀጥሎ፣ ሥራ ሳታገኙ፣ አንድ ምርት ምረጡና እስኪሰለቻችሁ አጥኑት። ፈሳሽ ሳሙና ርካሽ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። ገበያው ቴክሳፖን ከሚለው ነጭ ዝልግልግ ጥሬ ዕቃ 28.6 ግራም መዝኑና ውሃ ጨምራችሁ 200 ግራም አድርሱት። ጥሬ ዕቃው 70 በመቶ ንጥር ከሆነ 10 በመቶ ሳሙና አገኛችሁ ማለት ነው። ቀስ አድርጋችሁ አማስሉ፤ ከመታችሁት አረፋ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለ ስምንት ብርጭቆ አዘጋጁ። የመጀመሪያውን እንዳለ ተዉት፤ በሁለተኛው 2 ግራም የገበታ ጨው፣ በሦስተኛው 4 ግራም፣ እያላችሁ እስከ 14 ግራም ጨምሩ። አየሩ እንዲወጣ አሳድሩትና በማግስቱ አንድ ዓይነት ብይ በየብርጭቆው ጣሉ። ታች ለመድረስ የፈጀውን ሰከንድ መዝግቡ።

ጨው በጨመራችሁ ቁጥር ሳሙናው ይወፍራል። ከአንድ ልክ በኋላ ግን ተመልሶ ይቀጥናል፤ እየጨመሩ ማወፈር አይቻልም። ምክንያቱ የሳሙናው ሞለኪውሎች በጨው እየተገፉ ረዣዥም ክሮች ሠርተው ይጠላለፋሉ፤ ጨው ሲበዛ ያ መጠላለፍ ይላላል። ሰከንዱን በጨው መጠን ልክ በግራፍ ሥሩት። ጉብታው፣ ማለትም ሳሙናው ከሁሉ ይበልጥ የወፈረበት ነጥብ፣ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ከጉብታው በፊት ይቆማል።

ሁሉንም በቀን፣ በሙቀት መጠንና በጥሬ ዕቃው የምርት መለያ ቁጥር አስደግፋችሁ በአንድ ደብተር ጻፉ። ያልተሳካውንም ጭምር። ሥራ ስትጠይቁ ከማስረጃችሁ ጋር ያንን ግራፍ ይዛችሁ ግቡ፤ ስለ ሥራ ፍላጎታችሁ ከሚጻፍ ረጅም ማመልከቻ ይበልጣል። ክፍት ቦታው ብዙውን ጊዜ በጥራት ቁጥጥር በኩል ነው፤ አትናቁት። የምርቱን ደረጃ ከኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ገዝታችሁ አንብቡ። ፋብሪካ ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥለውን ኮስቲክ ሶዳ ስትይዙ፣ ኮስቲክ ሶዳውን ወደ ውሃ ጨምሩ እንጂ ውሃን ወደ ኮስቲክ ሶዳ አትጨምሩ፤ የዓይን መከላከያ መነጽርም አታውልቁ።

ከተቀጠራችሁ በኋላ ወደ ጋኑ ውረዱ። ከ1 ሊትር ወደ 1,000 ሊትር ስትሄዱ ይዘቱ ሺህ እጥፍ ሲያድግ ሙቀት የሚወጣበት ገጽ ግን መቶ እጥፍ ብቻ ያድጋል። ብርጭቆ ቶሎ ይበርዳል፣ ጋን ግን ቶሎ አይበርድም። እኔ በሥራዬ መጀመሪያ የፈሳሽ ሳሙና ጥሬ ዕቃ የሆነው ሰልፎኒክ አሲድና ኮስቲክ ሶዳ ሙቀት እያወጡ ተዋህደው ጋኑ ገና ሞቆ ሳለ ውፍረቱን ለካሁ፤ ቀጠነብኝ፤ ጨው አስጨመርኩ። ማታውን ሲበርድ እንደ ጄሊ ረግቶ በቧንቧው አልወርድ አለ። የማሽኑ ኦፕሬተር የጋኑን ጎን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው፣ «ልጄ፣ ትናንት እኮ ትኩስ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ናሙናውን በቀዝቃዛ ውሃ ነክሬ 25 ዲግሪ ሳላደርስ ምንም አልለካም። ከመለካቴም በፊት እሳቸውን እጠይቃለሁ።