ከችግኝ በፊት የውኃ መውረጃ፦ ደሴ ላይ አዲስ ቤት ለገባችሁ

ደሴ ውስጥ በተዳፋት ቦታ ላይ ቤት ሠርታችሁ የገባችሁ ሁሉ፣ ችግኝ ከመግዛታችሁ በፊት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ በግቢያችሁ ውስጥ በየት በኩል እንደሚወርድ አስቀድማችሁ ብትወስኑ ይበጃችኋል። ከቤቱ በላይኛው በኩል፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ቦይ ይቆፈር፤ ቦዩ በየ10 ሜትሩ ከ10 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ ወደ መንገዱ መውረጃ የሚሄድ ከሆነ ውኃው አይተኛም፣ አፈሩንም ቦርቡሮ አይወስድም። ወደ ታችኛው ጎረቤት ግቢ መልቀቅ ግን ለጠብ መጋበዝ ነው።

ቁመቱ ከአንድ ሜትር ለማይበልጥ እርከን ያለ ሲሚንቶ የተደረደረ የድንጋይ ካብ ይበቃል። ትልልቆቹ ድንጋዮች ከሥር ይቀመጡ፣ ካቡ ወደ ዳገቱ ጥቂት ዘመም ይበል፣ በጀርባውም ጠጠር ይሞላበት፤ ጠጠሩ ውኃውን ካላሳለፈው ዝናብ የጠገበው አፈር ካቡን ገፍቶ ይጥለዋል። ከዚህ ለሚበልጥ ከፍታ ባለሙያ ጥሩ።

ከግንባታ የተረፈው ሲሚንቶና ኖራ ያለበት ፍርስራሽ ከአትክልት መደቡ ላይ ተጠርጎ ለመተላለፊያ መደልደያ ይዋል።

ለተከላው፣ በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ጌሾ፣ ጎመንና ፖም ይስማማሉ፤ ፓፓያ ቆላ ቀመስ ለሆነችው ኮምቦልቻ ይቅርላት። ባሕር ዛፍ ግን ከመሠረቱም ከቦዩም አጠገብ ባይተከል ይሻላል።