ጃፓን ውስጥ የባንክ ሂሳብ ስትከፍቱ ስማችሁን እንዴት እንደምታስመዘግቡ

ለትምህርት ወይም ለሥራ ጃፓን የገባ ሐበሻ ቶሎ ከሚገጥሙት ጣጣዎች አንዱ የባንክ ፎርም ነው። ለስም የተሰጡት ሳጥኖች ሁለት ብቻ ናቸው፤ ሴይ የሚሉት ለቤተሰብ ስም፣ ሜይ የሚሉት ለራስ ስም። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ያለን የራሳችን፣ የአባታችንና የአያታችን ስም ነው። በዚያ ላይ ስማችሁን በካታካና፣ ጃፓኖች የውጭ አገር ስም በሚጽፉበት ፊደል፣ ጻፉ ትባላላችሁ፣ ካታካናው ግን ፓስፖርታችሁ ላይም ሆነ የመኖሪያ ካርዳችሁ ላይ የለም። የባንክ ዝውውር ደግሞ የሚታየው በካታካናው ነው። አንድ ፊደል ሲለያይ የተላከላችሁ ገንዘብ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ነገሩን ባንክ ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት።

መጀመሪያ ካርዱን አንብቡ

የመኖሪያ ካርዱ፣ ዛይሪዩ ካዶ የሚሉት፣ ስማችሁን በላቲን ፊደል ከፓስፖርት ገልብጦ ነው የሚይዘው። አብዛኛውን ጊዜ በቤተሰብ ስም ቦታ የገባው ይቀድማል። ፓስፖርታችሁ እዚያ ቦታ ላይ የአያት ስም ካለው ካርዱ በአያት ይጀምራል ማለት ነው። ባንክ ቤት ወረፋ ስትጠብቁም በስም ከጠሯችሁ በዚያው ሊሆን ይችላልና ጆሯችሁን ክፈቱ።

ቅደም ተከተሉን በራሳችሁ አታስተካክሉ። ባንኮች የደንበኛን ስም ከመታወቂያ ጋር እንዲያመሳክሩ ሕግ ያስገድዳቸዋል። «የኔ ስም እኮ ይሄኛው ነው» ብሎ ማስረዳት መስኮቱ ላይ የትም አያደርስም። ገብረመድህን በአንድ ቃል ነው ወይስ ገብረ እና መድህን ተለያይቶ? ካርዱ ላይ እንዳለው ቁጭ አድርጉት። አድራሻችሁን ካገኛችሁ በ14 ቀን ውስጥ ከተማው ወይም ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ ማስመዝገብ አለባችሁ፣ ያለዚያ ባንክ አይቀበላችሁም። ብዙዎቹ ጽሕፈት ቤቶች ለሥራቸው ሲሉ የስማችሁን ካታካናም ይይዛሉ። እዚያው ሳላችሁ ምን ብለው እንደጻፉት ጠይቁ።

ካታካናውን እናንተ ወስኑት

ትልቁ ሥራ እዚህ ጋ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያስብበት ስልክ ሊገዛ ይሄድና የሱቁ ሠራተኛ በመሰለው ይጽፍለታል፣ ባንኩ ደግሞ በሌላ፣ መሥሪያ ቤቱ በሦስተኛ፤ ከዚያ በኋላ ማስታረቁ የራሱ መከራ ነው።

ካታካና የኛን ድምፅ በደንብ አይችለውም። ለ እና ረ አንድ ይሆናሉ። ጠ፣ ቀ፣ ጸ የሚባል የለም። የግዕዙ ድምፅም ስለሌለው ከበደ «ኬቤዴ» ወይም «ካባዳ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። የኔ ምክር የፓስፖርቱን የላቲን አጻጻፍ ተከተሉ ነው፤ ሠራተኛውም ቢሆን የሚያነበው እሱን ስለሆነ። ከዚያ ጃፓንኛ የሚያውቅ ሰው አሳዩትና አንድ ምርጫ ላይ ርጉ።

ዳዊትን እንውሰድ። በካታካና ሲጻፍ ዳ፣ ኡ፣ ትንሿ ኢ፣ ትንሿ ትሱ፣ መጨረሻ ላይ ቶ ነው። ትንሿን ትሱ ትቶ የሚጽፍም አለ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ለባንክ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሌላም ነገር አለ። ባንኮች ገንዘብ የሚለዋወጡበት ሲስተም ሃንካኩ የሚባለውን ግማሽ ወርድ ካታካና ነው የሚጠቀመው፣ እዚያ ትናንሾቹ ፊደሎች ወደ ትልቅ ይቀየራሉ፣ ታን ዳ የሚያደርጋት ሁለት ነጥብም ለብቻው አንድ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ በአምስት ምልክት የጻፋችሁት ዳዊት ስድስት ቦታ ይወስዳል።

ለምን ይጠቅመናል ካላችሁ፣ ኩባንያዎች ደመወዝ በጅምላ የሚልኩበት ፎርማት ለተቀባዩ ስም ያለው 30 ቦታ ነው። ዳዊት ገብረመድህን ወልደሚካኤል የሚባል ሰው ክፍተቱን ጨምሮ 27 ላይ ይደርሳል። ስማችሁ ከ30 ቦታ ካለፈ ሂሳቡ በምን አጻጻፍ እንደተመዘገበ ባንኩን ጠይቁና ለደመወዝ ክፍል እሱኑ ስጡ።

የወሰናችሁትን በሁለት ዓይነት ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ፦ በሙሉ ወርድ፣ ዘንካኩ በሚሉት፣ እና በሃንካኩ። የኢንተርኔት ፎርሞች አንዱን ይጠይቁና ሌላውን ስትሰጧቸው ለምን እንዳልተቀበሉ በቅጡ እንኳን አይነግሯችሁም። ኮፒ አድርጎ መለጠፍ ከዚህ ያድናል።

ፎርሙን ስትሞሉ

ሴይ ውስጥ ካርዱ ላይ የቀደመውን፣ ሜይ ውስጥ የቀሩትን ሁለቱን አስገቡ። የአባት ስም ብዙ ጊዜ የራሱ ሳጥን የለውም። ፉሪጋና የሚለው ካታካናው ነው። የላቲኑን በትልልቅ ፊደል፣ ሳታሳጥሩ ጻፉ። ሲስተሙ ክፍተት አልቀበልም ካለ ስሞቹን ማጋጠም ትችላላችሁ፣ ፊደል በዛብኝ ካለ ግን ቆርጣችሁ አትላኩ። የካርዱ ፎቶ ከጻፋችሁት ጋር ስለሚመሳከር ማመልከቻው ውድቅ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። እንዲህ ሲሆን አቁሙና ቅርንጫፍ ሂዱ።

ለአዲስ ገቢ ደግሞ ሌላ ገደብ አለ። ጃፓን ከገባችሁ 6 ወር ካልሞላና እዚያ ተቀጥራችሁ ካልሆነ የውጭ ምንዛሬ ሕጉ ነዋሪ አይላችሁም፣ ስለዚህ አንዳንድ ባንክ ስሙ ሁሉ ልክ ሆኖም ሊመልሳችሁ ይችላል። መጀመሪያ የፖስታ ባንኩን፣ ዩቾን፣ ሞክሩ።

አንዳንድ ቦታ አሁንም ሃንኮ፣ ማለትም የስም ማኅተም፣ ይጠይቃል። በካታካና አስቀርጹት፣ ያንኑ አጻጻፍ።

ሂሳቡ ከተከፈተ በኋላ

የደብተሩን ወይም የመተግበሪያውን የስም ገጽ ፎቶ አንሱ። ከዛሬ ጀምሮ ዋናው ስም እሱ ነው። ለደመወዝ ክፍል፣ ለስልክ መክፈያ መተግበሪያ፣ ኋላ ላይ ኒሳ የሚባለውን ከታክስ ነፃ የኢንቨስትመንት ሂሳብ ለመክፈት ብታስቡም ያንን ስጡ። ይህን ሂሳብ የሚከፍቱት አክሲዮን አገበያይ ድርጅቶች ገንዘብ የሚቀበሉትም የሚመልሱትም በደንበኛው ስም ከተከፈተ ባንክ ጋር ነው። ከውጭ አገር ለሚልክላችሁ ዘመድ ግን የምትሰጡት ባንኩ የያዘውን የላቲን ስም ነው።

ቱሾሜይ የሚባል፣ በከተማው ጽሕፈት ቤት የሚመዘገብ መጠሪያ ስምም አለ። በዚያ ስም እንደምትጠሩ ማስረጃ ይጠይቃል፣ ለባንክም ሁሉም እኩል አይቀበለውም። ስም ረዘመብኝ ብላችሁ ብቻ እዚያ ውስጥ ባትገቡ እመርጣለሁ።

ቤተሰብ ያላችሁ ይህን ያዙልኝ። ባል፣ ሚስትና ልጅ በኛ ሥርዓት ሦስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሊመጡ ይችላሉ፣ ለጃፓን ባንክ ይህ እንግዳ ነው። ለልጅ ሂሳብ ስትከፍቱ ጁሚንህዮ፣ የነዋሪነት ማስረጃውን፣ የቤቱን ሰው በሙሉና ዝምድናውን እንዲያሳይ አድርጋችሁ አውጡ። ሲወጣ ዝምድናው ካልተጠየቀ ላይጻፍ ስለሚችል አስቀድማችሁ ንገሯቸው።

ፓስፖርት ስታድሱም የስማችሁን የላቲን አጻጻፍ ከድሮው ጋር አስተያዩ። ስሙ ከተለወጠ በ14 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን ታሳውቃላችሁ፣ አዲሱን ካርድ ይዛችሁ ባንክ ትሄዳላችሁ፣ ቀጥሎ ደመወዝ ክፍል። የመኖሪያ ፈቃዱ ሲራዘምም አዲሱን ካርድ ለባንኩ አሳዩ፤ ባንኩ ጋ ያለው ካርድ ቀኑ ካለፈበት ሂሳቡን ሊያግዱት ይችላሉ።