የተዛባ የቦቢን ዳንቴል ንድፍ አስተካክሎ መሥራት

የምናወራው በኪሮሽ ስለሚሠራው ዳንቴል አይደለም። የቦቢን ዳንቴል የሚሠራው ጠንካራ ትራስ ላይ በተሰካ የተበሳ ካርቶን (ንድፉ) ነው። ቦቢን በሚባሉ ትናንሽ የክር መጠቅለያ ዘንጎች ላይ የተጠመጠመው ክር ጥንድ ጥንድ እየሆነ ይሻገራል፣ ይጠመዘዛል፤ ስፒሉ ደግሞ ቦታው ላይ ይይዘዋል። ቀዳዳው ከሳተ ክሩም ይስታል። የአውሮፓ አሮጌ ንድፎች ከካርቶን ወደ ካርቶን በእጅ እየተበሱ ስለተገለበጡ የአንዱ ስህተት ለቀጣዩ ተላልፏል፤ ፎቶኮፒም ወደ አንድ በኩል ሊለጥጠው ይችላል።

ለእርማት የሚቀለው ቶርሾን የተባለው የቦቢን ዳንቴል ዓይነት ነው። የመደቡ (በጌጦቹ መካከል ያለው መረብ) ቀዳዳዎች ከቀጥተኛው ጠርዝ 45 ዲግሪ በሚያጋድሉ መስመሮች ላይ ይሰለፋሉ። ቡኪንግሃምሻየር በሚባለው ሌላ ዓይነት የቦቢን ዳንቴል ግን ማዕዘኑ ሌላ ስለሆነ እሱን በ45 ዲግሪ "ማረም" ማበላሸት ነው።

ቀዳዳ በቀዳዳ ማረም አትጀምሩ። መጀመሪያ በቀጥተኛው ጠርዝ 11 ቀዳዳ ቆጥራችሁ ከጫፍ ጫፍ ለኩና ለ10 አካፍሉ። 41 ሚሊ ሜትር ከመጣ አንዱ ርቀት 4.1 ነው፤ ንድፉ መነሻው 4 ሚሊ ሜትር ነበር ብሎ መውሰድ ያስኬዳል። ቀጥሎ በመደቡ አንድ አግድም ረድፍ ላይ ያለውን ርቀት ለኩ። በቶርሾን ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። ቁመቱ 4.1፣ ወርዱ 3.8 ከሆነ ንድፉ ተለጥጧል፤ እንደገና መሣል ይሻላል።

ባለ 2 ሚሊ ሜትር ካሬ ወረቀት ላይ የጠርዙን ነጥቦች በየሁለት ካሬው አስቀምጡ። የቀጣዩ ዓምድ ነጥቦች አንድ ካሬ ወደ ውስጥ ገብተው በፊተኞቹ መሃል ላይ ይውላሉ። ከዚያ ሰያፍ መስመሮቹን በእርሳስ አስምሩ። መደቡ ላይ በእያንዳንዱ ስፒል ሁለት ጥንድ ይገባል፣ ሁለት ጥንድ ይወጣል። ስለዚህ መስመሮች ተገናኝተው ቀዳዳ ከሌለ የተረሳ ነው፤ ምንም መስመር የማያልፍበት ቀዳዳ ካለ ደግሞ መርፌ ያመለጠው ሰው የበሳው ይሆናል። ሸረሪት በሚባለው ጌጥ ላይ ከግራ 3 ጥንድ ከገባ ከቀኝም 3 ይገባል፤ ከታችም 3 እና 3 ሆኖ ይወጣል።

የተጠማዘዘው ጠርዝ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚያ ቀዳዳዎቹ ሆን ተብሎ ከካሬው ሊወጡ ስለሚችሉ በግድ ወደ መስመር አትመልሷቸው። ጥሩ የሆነውን አንዱን ጥምዝ በግልጽ ወረቀት ገልብጣችሁ ለሌሎቹ ሁሉ ተጠቀሙበት። የውጪ ቀዳዳዎቹ ርቀት ከተዘበራረቀ ክሩ አንድ ቦታ ይጨናነቃል፣ ሌላ ቦታ ይሳሳል።

መጠኑን ከለወጣችሁ ክሩም መለወጥ አለበት። ክሩን ማስመሪያ ላይ ሳትደራርቡ ጎን ለጎን ጠምጥሙ፤ ከ10 እስከ 12 ዙር የሚሆነው በቀጥተኛው ጠርዝ የሁለት ቀዳዳዎችን ርቀት ከሞላ ይስማማል። ከወፈረ ዳንቴሉ ይደርቃል፤ ከቀጠነ ስፒሉ ሲነቀል ይልፈሰፈሳል።

አዲሱን ንድፍ ካርቶን ላይ አድርጋችሁ በቀጭን መርፌ ቀጥ አድርጋችሁ ብሱ። ያጋደለ መርፌ ያስተካከላችሁትን ነጥብ መልሶ ያስታል። ነጭ ክር ነጭ ወረቀት ላይ ዓይን ስለሚያደክም ሰማያዊ ግልጽ ፕላስቲክ ለጥፉበት። ከዚያ ሦስት ድግግሞሽ ሥሩ። ስፒሉ ሲነቀል ዳንቴሉ እንደ ቀስት ከታጠፈ አንደኛው ጠርዝ ይረዝማል፤ የአንዱን ድግግሞሽ ርዝመት በሁለቱም ጠርዝ ለክታችሁ አወዳድሩ። ጥቅጥቅ ባለው ክፍል ውስጥ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሳተ ቀዳዳ ግን ክሩ ይሸፍነዋል፤ እሱን ተዉት።